ሰሊጥ የጫንሁበት ዊልቸር

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት በድንበር መጣላቴን ሁሉን ዘክዝኬ ነግሬያለሁ፤ ይችን ግን ዋጥኋት። እስቲ ዛሬ እናንተ ስሙኝና ፍረዱኝ።

ትርንጎ የመጨረሻ ልጄ ናት። ገና ድክ ድክ ስትል ልምሻ ሁለት እግሯን ያዛት። ክንዷን ብታዩት ግን ጉድ ነው የምትሉ! የሞላ ጀሪካን እንደ ጣሳ ነበር የምታነሳው። ገንዳ ውኃ ከተማ ያለ አንድ የስፖርት መምህር ይህን አይቶ፣ ባለ ሦስት ጎማ የውድድር ዊልቸር ከጎንደር ለምኖ በውሰት አመጣላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት? ጎሕ ሲቀድ አስፓልቱ ላይ ናት። መዳፏ ሲላጥ በጨርቅ ጠቅልላ ትገፋለች። ለክልል የሚመረጡበት ውድድር ሲቃረብ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኔ ሰሊጥ ገበሬ ነኝ። የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ደርቆ የተራገፈ ሰሊጥ ዝናብ ከነካው ይጠቁራል፣ አለቀለት። በአዝመራ ጎማ ያለውም ትከሻ ያለውም የሰሊጥ ነው፤ ሙሽራ እንኳ ጆንያ ይሸከማል። ትርንጎ ለውድድሩ ስለት ልትሳል ከእናቷ ጋር በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ሰማዩ ያለ ወሩ ጠቆረ። ሠራተኞቹ ወደ ደጋ ተመልሰዋል፤ ትራክተሩ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው። ጆንያው ሜዳ ላይ ተደርድሯል። ዓይኔ ትርንጎ ደጅ ትታው የሄደችው ዊልቸር ላይ አረፈ።

ጫንሁበት። እኔ ነኝ የጫንሁበት፤ ማንም አላስገደደኝም። ጆንያ በጆንያ ደራርቤ፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ላይ እየገፋሁ ወደ መጋዘን አመላለስሁ። ሲያበቃ ከሥር ቀጭ አለ። ጎማው የሚዞርበት ብረት ጎብጧል። በመዶሻ ቀጥቅጬ አቀናሁት፣ አፈሩን ጠረግሁና ቦታው መለስሁት። ዝናቡማ ጠብ ሳይል አለፈ።

«አባየ፣ ይች ጎማ ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች» አለችኝ ስትሞክረው።

«ነፋስ አንሷት ነው» ብየ ነፋሁላት።

ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? መምህሯ ያሠራላት ነበር። የልጄን ፊት ፈርቼ ልጄን ከዳኋት።

ውድድሩ ቀን ጎንደር ላይ ከሁሉም ኋላ ቀረች። መታጠፊያው ላይ ጎማው ሲጎትታት፣ እሷም ስትታገለው፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ አየሁ። ምክንያቱን እያወቅሁ ቁሜ አየሁ። ስትጨርስ ደረቴ ላይ ተደፍታ «አባየ፣ ክንዴ ከዳኝ፤ ለካ ደካማ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ምን ያልኋት ይመስላችኋል? «አይዞሽ፣ እግዜር ባይለው ነው» አልኋት። የኔን ሥራ በእግዜር አላከክሁት! መምህሯ ጎማውን ሊያይ ሲያጎነብስም «ተወው ልጄ፣ ደክሟታል» ብየ እጁን ያዝሁ። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ዊልቸሩን መለሰች፤ ዳግመኛም አልነካችም። አሁን ከቤታችን ፊት ትንሽ ሱቅ ከፍታ ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች። ከእኔ ጋር ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ አንጀቴ እርር የሚለው ያኔ ነው።

ሰሞኑን አንዲት እናት እግሯ የማይታዘዝላት ልጇን አዝላ ሱቋ መጣች። ልጅቱ እንደ ትርንጎ ልወዳደር ብላ አስቸግራታለች። ትርንጎ የልጅቱን ፀጉር እየዳበሰች «ተይ እናቴ፣ በከንቱ አትልፊ። እኔም ሞክሬ አቅቶኛል» አለቻት። ጓዳ ሁኜ ሰማሁ። ውሸቴ ልጄን ጨርሶ ወደ ሰው ልጅ ተሻገረ።

ዳመና አስፈርቶኝ ነው ልበል? አልልም። ከጆንያው ልጄ ትበልጥ ነበር፤ ያን ቀንም አውቀው ነበር።

ዛሬ ሱቋን ስትዘጋ እነግራታለሁ። ይቅር ባትለኝ እውነቷን ነው። ብቻ ክንዷ እንዳልከዳት ትወቅልኝ።