«ላይብረሪው አለን» ያሉኝ ሰዎች

ከሆሳዕና የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግን ማንም ዓይኑን አልከደነም። አባቴ የሒሳብ መምህር ነው፣ ያላረጋገጠውን አያምንም። ሻንጣዬን እያሰረ እንኳ ቆም ብሎ ይጠይቀኛል።

«ምሕረት፣ አይቶሽ የማያውቅ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት የሚልክልሽ ለምንድን ነው?»

«ፕሮግራም ስለምጽፍ ነው አባዬ። በቪዲዮ ፈትነውኛል።»

«ደላላም ይፈትናል።»

እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ከእኛ ከተማ ስንቱ ልጅ የደላላ ቃል አምኖ ለደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ አልተቆጣሁም፤ ጥርጣሬው እኔንም ያዘኝ። ቦሌ እስክደርስ የሥራ ውሉን ደጋግሜ አነበብኩ። ላይፕዚግ በምትባለው የጀርመን ከተማ የተቀበለችኝን ሴት መታወቂያ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝም።

የቀጠረኝ ድርጅት እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። የሚሠራው የመድኃኒት ፓምፕ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ከታማሚው ክንድ ጋር ተያይዞ መድኃኒቱን በልክ የሚሰጥ ማሽን። እኔ የተቀጠርኩት ሶፍትዌሩን ለመጻፍ ነው።

አከራዬ ፍራው ሊንደ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ዓይኔን ዓይኔን እያየች፣ «የምትሠሪው ምግብ ይሸታል?» አለችኝ።

«ቅቤ አለበት።»

«ቅቤ አይሸትም።»

«የእናንተው አይሸትም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በቡላና በቅቤ የሚሠራው አተካና በጣም ናፍቆኛል፣ የዚህ አገር ቅቤ ግን ዝም ያለ ነገር ነው። ዝናቡም እንደዚያው። የእኛ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ መምጣቱን ይናገራል፤ የዚህኛው ሹልክ ብሎ ያበሰብሳል። ደረጃ ላይ ሰላም ያልኩት ጎረቤት ደግሞ ቦርሳውን ጠበቅ አደረገ።

አውስሌንደርበሄርደ በሚሉት የውጭ ዜጎች ቢሮ ያገኘሁት ሠራተኛ ፓስፖርቴን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አገላበጠው።

«ሥራውን ቢያጡስ?»

«አላጣም።»

«ዋስትናዎ ምንድን ነው?»

«የእናንተ የመኖሪያ ፈቃድ።»

«የፈቃዱ ዋስትና ደግሞ ሥራው ነው» አለና ማኅተሙን መታ።

ሥራ ቦታ የምንጽፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ሙያው ለሌላችሁ ላስረዳ። ፕሮግራም መረጃውን በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ቦታ ይዞ ያስቀምጣል። መረጃው ሲበዛ ወደ ሰፋ ያለ ቦታ ይዛወራል፤ የለቀቀው ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ሲ ፕላስ ፕላስ የድሮውን አድራሻ ይዛችሁ ብትመለሱ አይከለክላችሁም፤ እዚያ ያገኛችሁትን ያስነብባችኋል። ለዚህ ሲል ድርጅቱ የራሱን የጥበቃ ላይብረሪ፣ ማለትም በየሥራው የሚጠራ የተዘጋጀ ኮድ፣ ሠርቷል፤ ሥራችሁን በእሱ በኩል ካሳለፋችሁ አድራሻውን ይፈትሽላችኋል። ረስት የሚባለው ቋንቋ ግን ፍተሻው አብሮት የተፈጠረ ነው፤ እንዲህ ያለ ኮድ ብትሰጡት ከነጭራሹ አይቀበልም።

«ላይብረሪው አለን» ትላለች አለቃችን ካሪን፣ ስጋት በተነሣ ቁጥር። እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ መኖሩን ሳይሆን በየቦታው መጠራቱን ማየት ፈለግሁ። ኮዱን ሳስስ ላይብረሪው ሳይጠራ የታለፈበት አንድ ቦታ አገኘሁ፤ የታማሚው መድኃኒቶች ዝርዝር የሚያዝበት ክፍል ነው። የጻፈው ዮናስ ነው። ስሙን ስሰማ ያገሬ ልጅ መስሎኝ ነበር፤ ጀርመናዊ ነው።

የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም፣ ዮናስ ደግሞ ነባር ሠራተኛ ነው። ዝም ልል አሰብኩ። ግን ያ ቱቦ የሚገባው የሰው ክንድ ውስጥ ነው። በስብሰባ ላይ ተናገርኩ።

«ለፍጥነት ብዬ ነው ያለፍኩት» አለ ዮናስ። «እስከዛሬ በተደረገው ሙከራ ሁሉ ሠርቷል። አንቺ ረስት ስለምትወጂ ነው።»

«መውደዴ ይቆየን። አድራሻው አሮጌ ሊሆን ይችላል።»

«ኮምፓይለሩ አልከለከለኝም» አለ፤ ኮዳችንን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም ማለቱ ነው።

«እሱ መቼ ይሄን ከልክሎ ያውቃል?»

ካሪን ከእሱ ይልቅ እኔን ነበር የምታየው። «ማረጋገጫ አምጪ» አለችኝ።

ያንን ክፍል እንዳለ በረስት ጻፍኩት። ረስት እምቢ አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ነገር አድራሻው ተይዞ ሳለ ዝርዝሩን ማስፋት አይቻልም ብሎ መለሰልኝ። ለካሪን አሳየኋት።

«ይሄ የቋንቋው አስተያየት ነው» አለች። «ማሽኑስ ምን ይላል?»

ፓምፑን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ውሃ ሞላንበት። ዮናስ ራሱ እንደ ነርስ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ መድኃኒት ይጨምር ጀመር። ጨመረ፤ ምንም የለም። ደገመ፤ ምንም የለም። ፈገግ አለ። እንደገና ሲጨምር፣ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው መድኃኒት ስም እንዳለ ሆኖ መጠኑ የሌላኛው ሆነ። ፓምፑ አልጮኸም፣ አልቆመም። ውሃውን በተሳሳተው መጠን መግፋቱን ቀጠለ።

«ይሄማ…» አለ ዮናስ፤ እጁን ሰዶ ፓምፑን አጠፋው።

አዲሱ ሶፍትዌር እንዳይወጣ ታገደ። ቋንቋው ግን አልተቀየረም። «የኖረውን ኮድ ሁሉ እንደ አዲስ ብንጽፍ አዲስ ስህተት እንወልዳለን» አለች ካሪን፤ ላይብረሪውን ሳይጠራ ያለፈ ኮድ በራሱ የሚጣልበት ፍተሻ አስገባች። ምክንያቷ ገብቶኛል። ሆኖም ፍተሻውን የሚያጠፋ ቸኳይ ቢመጣስ እያልኩ እስከዛሬ አልተኛሁላትም።

በማግስቱ ዮናስ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ሊበቀለኝ ነው አልኩ።

«የረስት ኮድሽ ላይ ‹አንሴፍ› ብለሽ ጽፈሻል» አለኝ፤ ቃሉ ‹እዚህ ጋ ጥበቃ የለም› እንደማለት ነው።

«ሞተሩን የማዝበት ቦታ ነው። እሱን ረስት ሊፈትሸው አይችልም፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው አንቺም አልፈሻል።»

«አልፌያለሁ። ግን ማለፌ እዚያው ላይ ተጽፏል፣ ፈልገህ ታገኘዋለህ። ያንተን ለማግኘት ሁሉን ማንበብ ነበረብኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። አንድ ስህተት አገኘብኝ። ደስ አላለኝም፤ አረምኩት።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ቤት ስደውል አባቴ ስልኩን ያነሣው ሆስፒታል ሆኖ ነው።

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው ያልነገርንሽ። እናትሽ አሟት ነበር፤ አሁን መድኃኒቱን በማሽን እየሰጧት ነው፣ ተሽሏታል።»

«በምን ማሽን? ካሜራውን አዙርልኝ።»

ምስሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ። አንድ ሳጥን፣ አረንጓዴ ቁጥር፣ ቱቦ። የእኛ ድርጅት ሥራ አይደለም። ማን ጻፈው? በምን ቋንቋ? ላይብረሪ ካለውስ ጠርቶታል ወይስ አልፎታል? ከላይፕዚግ ሆኜ ምን አውቃለሁ።

«እናትሽን ላሳይሽ?»

«ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አንብብልኝ።»

አነበበልኝ። «ነርሷ መጣች፤ ሌላ መድኃኒት ልትጨምርላት ነው» አለ።

«ጨምራ ስትጨርስ ደግመህ አንብብልኝ።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ሐኪሞቹ አሉ እኮ።»

«አሉ። አንተ ብቻ አንብብልኝ።»

የእናቴን ደካማ ድምፅ ከኋላ ሰማሁት። «ከማን ጋር ነው?»

«ከምሕረት ጋር» አላት። «ስለ ማሽኑ እየጠየቀችኝ ነው።»