ፀሐይወርቅ እንጀራ የተወች ጊዜ

ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ትኖራለች፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ተቆጣጣሪ ናት። ትውልዷ ቆላ ድባ ነው። እናቷ እዚያው ገበያ ጤፍና ሽንብራ ሲነግዱ ኖረው፣ በስተርጅና የስኳር በሽታ አንድ እግራቸውን አስቆርጧቸው ነው ያረፉት። ስለዚህ እሷንም አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሐኪሞች «ስኳር አለብሽ» ሲሏት፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ያየችው እግሯን ነበር።

ጠዋት ጠዋት የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት። ክብደት ቀንሺም ተባለች፤ እንዴት እንደሚቀነስ ግን የነገራት የለም። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ክብደቷ ዘጠና ሁለት ኪሎ ደረሰ፤ የፋብሪካውን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ካልተነፈሰች ጉልበቷ እሺ አይላትም።

መንገዱን ያሳየቻት ሊድያ የምትባል ወጣት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሊድያ ከወለደች በኋላ የጨመረችውን ክብደት ካርቦሃይድሬት በመተው ቀንሳዋለች።

«እትዬ፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ተዪ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ጎመን እስክትጠግቢ ብዪ» አለቻት።

«እንጀራ ትቼ ምኑን በላሁት ልል ነው?»

«ሁለት ሳምንት ብቻ ቻዪው።»

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ራሷን ይፈልጣታል፤ ሆዷ ደረቀ፤ በትንሽ በትልቁ ትነጫነጫለች። ከዚያ በኋላ ግን ረሃቡ ለቀቃት። ቀሚሷ ሰፋ፤ ጉልበቷም ቀለል አለው። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰች። ቤቷ ባለው መለኪያ ስኳሯን ስታየው ሁለት መቶ ይል የነበረው መቶ ሃያ አለ። ያን ዕለት ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ አለቀሰች። እናቷ ይህን ሳያገኙ መሞታቸው አንገበገባት።

ባሏ አካሉ የኮሌጅ መምህር ነው። በለውጧ ደስ ቢለውም ማዕዱ ቀዝቅዞበታል። «ሳህን ለየብቻ ሆንን እኮ» አላት አንድ ምሳ ላይ። ለቅሶ ቤት ሄዳም እንጀራ አልበላም ስትል ያስተናገዷት ሴትዮ ተቀየሟት። ይህንን ሁሉ ቻለችው።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ጠበቀ። እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ አይቡ ቀረ። ዓሣም በጾም አትበላም። ሽሮና ምስሩ አለ፤ እሱም ካርቦሃይድሬት አለው ብላ ፈራችው። ከጾሙና ከአመጋገቧ አንዱን መተው ሲገባት ሁለቱንም ያዘች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾምና ጎመን በአቮካዶ ትቀምሳለች፤ ክኒኗን ግን እንደ ወትሮው ጠዋት ትውጣለች።

«በባዶ ሆድሽ?» አለ አካሉ።

«መድኃኒት እኮ ነው፤ ይቋረጣል እንዴ?»

አንዳንድ ቀን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያልባታል። የጾም ድካም ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ዓርብ ፈቃድ ወስዳ ታላቅ ወንድሟን ልትጠይቅ ወደ ዘጌ ተሻገረች። ወንድሟ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል እዚያ ዜማ ያስተምራሉ። ከጀልባው ተቀብለዋት በቡናው መሃል የሚወጣውን ቀጭን መንገድ ያዙ። ጥቂት እንደሄዱ ላብ አጠመቃት፤ ከንፈሯ ደነዘዘ። መሪጌታ ስለ ተማሪዎቻቸው ያወሯታል፤ ቃሉ ይሰማታል፣ ነገሩ ግን አልጨበጥ አላት።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ለምን እዚያ ትቆማለች?» አለች፣ ማንም ወደሌለበት ዛፍ ሥር እያየች።

መሪጌታ ደነገጡ። ወዲያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደግፈው አጠገባቸው ካለ ቤት አስገቧትና የቤቱ ሴት ማር በውሃ በጥብጠው አመጡላት። ፀሐይወርቅ በደከመ እጇ ዋንጫውን ገፋችው።

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ጾም ለሕያው ሰው ነው የታዘዘው» አሉ መሪጌታ። «እናታችንን ቀበርሁ፤ አንቺን ደግሞ አልቀብርም። ጠጪ!»

ጠጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ላቧ ደረቀ፤ የት እንዳለችም ለየች። ዛፉ ሥር ማንም አለመኖሩን ስታውቅ ግን ከሕመሙ ይልቅ የሞቱ እናቷን ማየቷ አስፈራት።

በማግስቱ አካሉ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ወጣቱ ሐኪም ሁሉንም ሰምቶ ክኒኗን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«አመጋገቡ ጠቅሞዎታል፤ አልክድም» አላት። «ይህ ክኒን ግን የታዘዘው እንጀራና ዳቦ ይበሉ ለነበረ ሰውነትዎ ነው። ምግቡን ሲቀይሩ መድኃኒቱም አብሮ መቀየር ነበረበት። ስኳርዎ ከልክ በታች ወርዶ ነው የወደቁት።»

«እንግዲያው አመጋገቡን ልተወው?»

«መጀመሪያ ላይ ክብደት ቶሎ ይቀንሳል። ዓመት ሲያልፍ ግን ከሌሎች የመቀነሻ መንገዶች እምብዛም አይለይም። ዋናው ዕድሜ ልክ ሊበሉት የሚችሉትን ማግኘት ነው። ደግሞ ቅቤና ሥጋ ሲበዛ የደም ቅባት ሊጨምር ይችላል፤ እሱንም እንመርምር።»

ተመረመረች፤ ቅባቷም ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒኑን በሌላ ቀየረላት። ግማሽ እንጀራ፣ በብዙ ጎመንና በምስር እንድትበላ፣ ማታ ማታም ከአካሉ ጋር ሐይቁ ዳር እንድትራመድ ተስማሙ።

ከቀነሰችው ሦስት ኪሎ ተመለሰ። ቅር ብሏታል፤ ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር እንጀራውን እንደገና ልጣለው ይሆን ትላለች። ስኳሯ ግን ከልክ አልወጣም፤ እግሮቿም ደህና ናቸው።

ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት አስቀድማ ሐኪሟን፣ ቀጥላም የንስሐ አባቷን አማከረች። አባም የጾም ምግቧን ሰዓት ሳትጠብቅ እንድትበላ ፈቀዱላት። በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹ ጾመው ሳሉ ፋብሪካው ውስጥ በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት እፍረት ተሰማት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በላች።

ሊድያ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እናቴም እንጀራ ልተው እያለች ነው።»

«መድኃኒት ትወስዳለች?»

«ኢንሱሊን ትወጋለች።»

ፀሐይወርቅ ጉርሻዋን መለሰችው። «እንዳትጀምር በያት» አለች። «ነገ ከሥራ ስንወጣ ሦስታችንም ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»