ኮዬ ፈጬ ማቆሚያ ያጣችው ፒክ አፓችን

ከሚዛን የወጣነው ገና ሳይነጋ፣ በዝናብ ነበር። የሚዛንን ዝናብ ለእናንተ አላወራም፤ ይኸኔ ቆርቆሯችሁን እየደበደበው ይሆናል። ባለቤቴ ደሳለኝ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው በነጠላ ጫማ መሪ ያዘ። «ሹፌር እንፈልግ፣ አንተ እኮ በሽተኛ ነህ» ስለው «በነጠላ ጫማም ፍሪሲዮን ይረገጣል» አለኝና ሞተሩን አስነሳ። ልጃችን ቤዛ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ እህቴ ጋ ልትቀር ነው። እኔና አባቷ ተስማምተናል፣ እሷ ግን አልተስማማችም። በረንዳው ላይ ፎጣ ተከናንባ ቆማ አየችን እንጂ ደህና ሁኑ አላለችም።

ሐኪሙ የነገረን በአጭሩ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል፣ እጥበት ያስፈልገዋል፣ ጅማ ወረፋ አለ፣ አዲስ አበባ ብትሄዱ ይሻላል። እኔ ሞኟ እጥበት ሲባል እንደ ጋቢ አንዴ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ የሚያበቃ ነገር መስሎኝ ነበር። ክረምቱን እዚያ አሳልፈን ለቡና ለቀማ እንመለሳለን ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ። ፒክ አፗንም ይዘን የወጣነው ለዚያ ነው። ሲሻለው እየነዳ ሊመልሰን።

መኪናዋን ታውቋታላችሁ። ሙዝና አናናስ የጫነችላችሁ፣ ሙሽራና አስከሬን ያመላለሰችላችሁ ነጯ፣ ባለ ማርሿ ናት። ጅማ አድረን፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርደን፣ ወልቂጤን አልፈን፣ ማምሻውን ቃሊቲ ስንደርስ ደሳለኝ የማርሹን ዘንግ ጨብጦ እጁን ማላቀቅ አቅቶት ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅኩለት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የደረስን መስሎን።

ደላላው ያገኘልን ቤት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ነፋሱ ግን ተራ አይጠብቅም፣ ቀኑን ሙሉ የግንባታ አቧራ እያመጣ ድስቴ ውስጥ ይከታል። እኛ አገር ዓይን ሁሉ አረንጓዴ ነው የሚያርፍበት፤ እዚህ በመስኮት ስታዩ የሌላ ሰው መስኮት ነው። ጎደሬ የሚባል ሥር አለ ወይ ብል የሚያውቀው ጠፋ። አቃቂ ገበያ ያለው ሙዝ ደግሞ፣ ሚዛን ለበግ ብንሰጠው በጉ የሚያኮርፍበት፣ እዚህ በሚዛን ተለክቶ፣ ያውም እንዳትነካኩ እየተባልን ይሸጣል። ጎረቤት ሰላም ይላል፤ ሰላም ብሎ በሩን ይዘጋል። እኔ በነጋታው ቡና ጠጡ ብዬ ሳንኳኳ አንዷ ጎረቤቴ ደንግጣ «ምን ሆናችሁ?» ነው ያለችኝ።

ከሁሉ የባሰው የመኪናዋ ነገር ነው። በመጣን ሳምንት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ግርማ በራችንን አንኳኩ። በጡረታ ያሉ፣ ኮትና ከረባት የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ታች ያለችው የክልል ታርጋ የማን ናት?»

«የኛ ናት ጋሼ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

«አልገባም። ማቆሚያው ለባለቤት ነው። ተከራይ መኪና የለውም።»

«እኛ ግን አለን።»

«በደንቡ የላችሁም» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፣ አዝነውልኝ ነው የሚያስረዱኝ። «ደግሞ የጭነት መኪና ግቢ አይገባም።»

ደሳለኝ ከአልጋው ሆኖ «ባዶ ናት እኮ አባቴ» አላቸው።

«ባዶም ብትሆን ጭነት ናት።»

«የምትጭነው እኔን ነው።»

አቶ ግርማ አንገታቸውን አስገብተው አዩት። ፊቱን ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው አሉና ወረዱ።

ዘበኛችን ጋሽ ሸምሱ ባይኖሩ ያን ቀን መኪናዋ መንገድ ላይ ትወድቅ ነበር። የስልጤ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው ነው የሚኖሩት። ከብሎኩ ጀርባ፣ ከውሃው ሮቶ አጠገብ፣ ማንም የማያየው ጥግ አሳዩን። «እዚህ አቁሙ፣ እኔ አላየሁም» አሉ። ችግሩ ጥጉ ጠባብ ነው፣ ወደ ኋላ ካልሆነ አያስገባም። ደሳለኝ ከእጥበት ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አንገቱን ማዞር እያቃተው፣ በስፖኪዮ ብቻ እያየ ያስገባት ነበር። ከዚያ ደረጃው አለ። በየፎቁ እየተቀመጥን እንወጣለን።

አንድ ቀን ከክሊኒኩ ስንመለስ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ደሳለኝ ማርሽ ሊቀይር እጁን ዘረጋና እዚያው ቀረ። መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ጭንቅላቱ መሪው ላይ ወደቀ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ከመኪና የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ከኋላችን የፋብሪካ ሠራተኛ የጫነ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ሁሉም ጥሩምባውን ያዘው። ትራፊክ ፖሊስ እየሮጠ መጣ።

«ለምን ቆማችሁ? ይህ ማቆሚያ ነው?»

«ባለቤቴ ታሞብኝ ነው ወንድሜ።»

«እሺ፣ አንቺ አንሺያታ!»

«አልችልም።»

«ሳትችይ ለምን ፊት ተቀመጥሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? የሚስት ቦታ እዚያ ነው ብዬ? ግን ክፉ ልጅ አልነበረም። ደሳለኝን በደንብ ሲያየው ደብተሩን ኪሱ ከተተ፣ አንድ የሚኒባስ ረዳትና ሁለት መንገደኛ ጠርቶ ገፍተው ዳር አስያዙን። ውሃም እሱ ነው ያመጣልን።

ደሳለኝ ነፍሱ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ «መንዳት ትለምጃለሽ» ነበር።

እሁድ እሁድ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ግንባታቸው ካላለቀው ብሎኮች ወዲያ ባለው ሜዳ ያስተምረኝ ጀመር። አሥራ አምስት ዓመት ስንኖር ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ የማያውቅ ሰው፣ ፍሪሲዮን በለቀቅኩ ቁጥር እንደ ባላጋራው ይጮህብኛል። «ቀስ! እግርሽን ቀስ! እንደ ዕቃ አትጣይው!» መኪናዋ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። አስነሳለሁ፣ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። አንድ እሁድ አልቅሼ ወረድኩ። «አውቶማቲክ ተከራይተን ብንሄድስ?» አልኩት። «አገራችን ዳገት ነው። ስንመለስ ካቃተኝ ማን ሊነዳ ነው?» አለኝ። ስንመለስ ሲል እንዴት ሆኖ እንዳለው! ተመልሼ ገባሁ።

መንጃ ፈቃድ ላወጣ የሄድኩበት ማሰልጠኛ ያለው ወጣት ደግሞ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ ማርሽ ለምን ይለማመዳሉ? ዓለም እኮ አሁን ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት ወር ቢጠብቁ ራሱ ይነዳል።»

«እኔ ያለኝ ይቺ ናት ልጄ» አልኩት።

«እሷንማ ለሙዚየም ይስጧት።»

ለማንኛውም ወደቅኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ፣ በሦስተኛው አለፍኩ። ዳገት ላይ ቆሜ፣ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት ስነሳ፣ ፈታኙ አጠገቤ ስልኩን እያየ ነበር። ደሳለኝ ግን ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ በመስኮት አየሁት። አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነድቼ እወስደዋለሁ፣ ነድቼ እመልሰዋለሁ። ከሮቶው አጠገብም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገባት ነበር። ጋሽ ሸምሱ «ወላሂ ከወንድ ትበልጫለሽ» ብለው ለሰው ሁሉ አወሩልኝ። ወሬው ነው መሰለኝ ጆሮ የደረሰው፣ ኮሚቴው ከዚያም አስነሳን። ከግቢ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ማሳደር ጀመርን። መጀመሪያ ስፖኪዮዋ ሄደ። ቀጥሎ ባትሪዋ፤ ያገለገለ ገዝተን ተካነው። ደሳለኝ በመስኮት ሆኖ ይጠብቃታል። በሽተኛ ነው፣ ይተኛል ስል፣ መጋረጃውን ገልጦ ቁልቁል ሲያያት አገኘዋለሁ።

ክረምቱ ወጣ፣ የቡና ለቀማው አለፈ፣ ሌላ ክረምት ገባ። ወንድሙ ታደሰ ከሚዛን መጥቶ ኩላሊቴን ውሰዱ ብሎ ተመረመረ፤ አይሆንም ተባለ። የኔም አልሆነም። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ ይለናል። ሲለን ግን ወረቀት ወረቀቱን ነው የሚያየው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደሳለኝ ፒክ አፗ ላይ መውጣት አቃተው። ከፍ ያለች መኪና መሆኗን ታውቃላችሁ። አንድ እግሩን መረገጫው ላይ አሳረፈ፣ በሩን ያዘ፣ ራሱን ሊያነሳ ሞከረ፣ አልሆነም። ከታች ደገፍኩት። ጋሽ ሸምሱ በወገቡ ያዙት። ኩርሲ አመጣን። ኩርሲው ላይ ቆሞ ትንፋሽ አጠረው። «ተዉኝ» አለ። ድምፁ እኛን የሚለምን ይመስላል። በስልክ ትንሽ መኪና ጠርተን፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ሄደ። እኔ መንጃ ፈቃዴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት አቶ ግርማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው መጡ። በዚህ ጊዜ ገቡ፣ ተቀመጡም። «የመኪናችሁን ነገር በስብሰባ አንስቼው ነበር» አሉ። «ለበሽተኛ ሲሆን በር ላይ እንዲቆም ተፈቅዷል። አሳምኜ ነው።» ደክሟቸዋል፣ ደስም ብሏቸዋል። ደሳለኝ እጃቸውን ይዞ አመሰገናቸው። መውጣት አቅቶኛል አላላቸውም። እኔም ቡና ቀዳሁላቸው። ሲወርዱ በደረጃው ከከረባታቸው ጋር ሲታገሉ አየኋቸውና፣ መናደድ እንኳ አቃተኝ።

ማታ፣ ራት ስንበላ፣ ደሳለኝ «ታደሰ መጥቶ ይውሰዳት» አለኝ።

«ለምን? በር ላይ ተፈቀደልን እኮ።»

«ዘነበች» አለኝ፤ በስሜ ከጠራኝ ነገሩ አልቋል። «እዚያ ሙዝ ትጭናለች። እዚህ እየጠበቅኳት እንቅልፍ አጣሁ።»

ታደሰ መጣ። አዲስ ባትሪ አስገባ፣ ስፖኪዮ አስገጠመ። ደሳለኝ ለመሸኘት አልወረደም፤ በመስኮት ሆኖ አያት። ሞተሯ ሲነሳ «አሙቃት! ወዲያው አትንዳት!» ብሎ ከአራተኛ ፎቅ ሊጮህ ሞከረ፤ ድምፁ ግን ከክፍሉም አልወጣም። እኔ ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ነገርኩለት። ታደሰ ጥቂት ቆሞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ እዚያች በር ላይ ያለች ቦታ አንዲት ሰማያዊ የቤት መኪና ቆማባት ነበር።

በማግስቱ ማምሻውን ታደሰ ደወለ። «ሰፈር እየገባሁ ነው» አለ። ስልኩን ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጌ ደሳለኝ ደረት ላይ አስቀመጥኩት። ዝናብ ነበር። መጥረጊያው ሲንቋቋ፣ ሞተሩ ዳገቱን ሲያጓራ ይሰማል። ደሳለኝ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አንቀሳቀሰ።

ድንገት ከሩቅ «አባዬ! አባዬ መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ቤዛ ናት። እህቴ መኪናዋ ብቻ እንደምትመጣ አልነገረቻትም፤ እንዴት ብዬ ልንገራት ብላ ስታመነታ መኪናዋ ቀድማ ደረሰች። እግሯ ጭቃውን ሲመታው ይሰማል። በሩ ተከፈተ። በዚያኛው በኩል ያለውም በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ታዲ፣ የታሉ?» አለች።

ታደሰ ስልኩን ሰጣት።

«አባዬ? በሌላ መኪና ናችሁ? ከኋላ እየመጣችሁ ነው?»

ደሳለኝ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «አዎ የኔ ልጅ» አላት። «ከኋላ ነን። አንቺ ዝናቡ እንዳይመታሽ ግቢ።»

«አልገባም፣ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለች።