ልብስ ሰፊዋ ፍሪሲዮን የረገጠችበት ሳምንት

እትዬ ዚፕ የሚሏት ልብስ ሰፊ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሌላው ሰፊ ሁሉ "ይሄማ አበቃለት" ያለውን የተበላሸ ዚፕ እሷ በሁለት ደቂቃ ቀጥ ታደርገዋለች። የሥራ ቦታዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ እጅጌ የሌላቸው ኮቶች በምስማር ተንጠልጥለዋል፣ መሬቱ የክር ቁርጥራጭ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ስር ደግሞ በእግር የሚረገጥ የስፌት ማሽን አለ። ማሽኑ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት! ይሄን ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው።

ችግሯ ጭነት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ስትጨርስ ያንን የሚያህል ጥቅል ታቅፋ ታክሲ ትጠብቃለች። "እናቴ፣ አንቺ ግቢ፣ እሱ ግን ይቅር" ይሏታል። አንድ ቀን እንደምንም ለምና ገባችና ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሄድ ገመዱ ተፈታ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰማያዊ ቀሚሶች አንድ በአንድ እየበረሩ አስፋልቱን አለበሱት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምታልመው መኪና ብቻ ሆነ።

አባቷ ደግሞ መኪና አላቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። አንዱ በሯ ነጭ ነው፣ ሌላው ሰማያዊ፤ ማንዋል ናት። ታዲያ ሐኪሙ "ዓይንዎ ከእንግዲህ ለመንዳት አይሆንም" አላቸው። አባት ተናደዱ፣ ሁለት ቀን አኮረፉ፣ ከዚያ እሁድ ምሳ ላይ አወጁ።

"የሚነዳት ካለ ይውሰዳት። ከሌለ ቅዳሜ ጠዋት ብረት ገዢው መጥቶ ቆራርጦ ይጭናታል።"

"እኔ እወስዳታለሁ!" አለች ልጃቸው፣ ጉርሻዋን እንኳን ሳትውጥ።

"አንቺ? አንቺ የምታውቂው የባልሽን አውቶማቲክ ነው።"

"እማራለኋ!"

"በስድስት ቀን?"

"ዚፕ የተማርኩት በአንድ ቀን ነው አባዬ።"

ያኔ ፒክአፗ እንደተገዛች ወንድሟን በሷ ሲያስተምሩት እሷ ልማር ብላ ብትለምናቸው "አንቺ ስፌትሽን ያዢ" ብለው ነበር ያሳለፏት። እሳቸው ረስተውታል። እሷ ግን አልረሳችም።

"እሺ" አሉ አባት። "ቅዳሜ ከዚህ ግቢ እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት ብቻሽን አውጪያት። ካወጣሻት ያንቺ ናት። ወደ ኋላ ተንሸራትተሽ የዶሮ ቤቴን ከነካሽ ግን አለቀ፣ የብረት ገዢው ናት።"

ባሏ ሳቁን መያዝ አቃተው። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፤ አንድ ቁልፍ ተጭነህ የማያልቅ ነገር አይገባውም። "ምን ይሠራልሻል ማርሽ መቀየር? ሰው ሁሉ ወደ አውቶማቲክ እየሄደ አንቺ ወደ ኋላ! እኔን እዪኝ፣ አንዴ 'ዲ' ላይ አደርጋለሁ፣ በቃ፣ ይሄዳል።"

"ባትሪህ የሞተ ቀንስ?" አሉ አባት። "የኔዋ በሁለት ሰው ግፊት ትነሳለች።"

"አባባ፣ የኔ ባትሪ አዲስ ነው፣ አይሞትም።"

ሰኞ ገና በጠዋቱ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ትምህርት ተጀመረ። አባት በቀኝ በኩል ተቀመጡ። "ግራ እግርሽ ፍሪሲዮን፣ ቀኝ እግርሽ ፍሬንና ነዳጅ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው።" ቀላል ነገር ነው አይደል? አይደለም! የስፌት ማሽን ሲረገጥ ሁለቱ እግር እኩል ነው የሚወርደው፣ እኩል ነው የሚወጣው። እሷም ሁለቱንም እኩል ረገጠች፣ እኩል ለቀቀች። ፒክአፗ እንደ እንቁራሪት ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። እንደገና አስነሱ። ዘለለች፣ ጠፋች።

ይሄ ግን ምንም አይደል። የስፌት ማሽን ማቆም ስትፈልጉ በስተቀኝ ያለችውን ክብ ማዞሪያ በመዳፍ መታ ታደርጓታላችሁ። እጇ የለመደው እሱን ነው። በአራተኛው ሙከራ ፒክአፗ መሄድ ስትጀምር እትዬ ዚፕ ደነገጠችና ቀኝ መዳፏን ወረወረችው። ጧ! የአባቷ ሆድ ላይ።

"እንዴ! ምን አደረግኩሽ?"

"ላቁም ብዬ ነው አባዬ!"

"እኔን ነው የምታቆሚኝ?"

ማክሰኞ አባት ትራስ ይዘው መጡ። ሆዳቸው ላይ በመቀነት አስረው ተቀመጡ። ጎረቤቶች በአጥር እያዩ "ምነው ጋሼ፣ ሊወልዱ ነው?" ይሏቸዋል። እሳቸው ወይ ፍንክች። ረቡዕ ደግሞ ልጅቷ ሱቋ ውስጥም ልምምድ ጀመረች። በግራ እግሯ አየር ትረግጣለች፣ በቀኝ እጇ መቀስ ይዛ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች ትቀይራለች፣ ማሽኑ ደግሞ በመሃል ይሄዳል። ሐሙስ ጠዋት የባንኩ ጥበቃ ረቡዕ የሰፋችለትን ሱሪ ለብሶ መጣ።

"እትዬ ዚፕ፣ እጄ ኪሴ አልገባ አለ።"

አየችው። ሁለቱም ኪሶች ግጥም ተደርገው ተሰፍተዋል።

"ውይ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ" አለችው።

ሰውየው ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው "አይዞሽ" ብሎ ተቀመጠ፣ ኪሱም እስኪፈታለት ጠበቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ተስፋ ቆረጠች። ሜዳው ላይ ፒክአፗ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍታባታለች። መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ "ባሌ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ የማይረባ ነገር ነው" አለች።

አባት ትራሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "ጅንስ ስትሰፊ ምን ታደርጊያለሽ?" አሏት።

"የትኛውን?"

"ያንን ወፍራሙን፣ እግሩ ጋ የሚታጠፈውን።"

"እሱ ጋ ስደርስማ እግሬን አቀዘቅዛለሁ። ድምፁ ይወፍራል። መርፌው ሲነክስ ይሰማኛል፣ ከዚያ ቀስ ብዬ..." ቀና አለች። "አባዬ! ይሄም ይነክሳል እንዴ?"

"አርባ ዓመት ሙሉ ሲነክስ ነው የኖረው።"

አስነሳች። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ስትለቅ የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ፣ ኮፈኑ ትንሽ ቀና አለ። ነከሰ! ነዳጅ ጨመረች። ፒክአፗ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ሄደች። አባትና ልጅ እየጮሁ ሜዳውን ዞሩት። ሲያቆሙ ግን ጧ፣ ትራሱ ላይ። ያ አመል አልለቀቃትም።

ቅዳሜ ደረሰ። ብረት ገዢው ሚዛኑን አጠገቡ አስቀምጦ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጧል። ባሏ ከላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ መኪናው አጠገብ ቆሟል። "ቶሎ በይ፣ ሥራ ረፈደብኝ!" ይላል። አባት ከግቢው በር ጋ ናቸው፤ ትራሱን በብብታቸው ይዘዋል።

እትዬ ዚፕ ብቻዋን ገባች። አንደኛ ማርሽ። ዳገቱን ጀመረች፣ እኩሌታው ላይ ደረሰች፣ "ጎበዝ!" የሚል ድምፅ ሰማች፣ ደስ ሲላት እግሯን ቶሎ ለቀቀችው። ቁጭ! ሞተሩ ጠፋ። ፒክአፗ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። አባት "ፍሬን! ፍሬን!" ይላሉ። ብረት ገዢው ሚዛኑን አንስቶ ብድግ አለ።

እሷ ምንም አላሰበችም። ሃያ ሁለት ዓመት ያሰበላት እጇ ነው። ቀኝ መዳፏ ተወረወረች፤ የአባቷ ሆድ ግን እዚያ የለም። እጇ ወደ ታች ወረደችና ምን ብትይዝ ጥሩ ነው? የእጅ ፍሬኑን! ሳበችው። ፒክአፗ ቀጥ አለች። ከዶሮ ቤቱ በስንዝር።

አንድ ዶሮ ወጥታ ጎማውን ጠቅ አድርጋ ተመለሰች።

"ነካ!" አለ ብረት ገዢው።

"ዶሮዋ ናት የነካችው" አሉ አባት። "ቁጭ በል!"

አስነሳች። ፍሪሲዮኑን እየለቀቀች አዳመጠች። ወፈረ። ነከሰ። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችና ነዳጅ ሰጠች፣ ያቺ ባለ ሁለት ቀለም ፒክአፕ እያጓራች ዳገቱን ወጣች፣ አስፋልቱ ላይ ደረሰች፣ ባሏን አልፋ... ሄደች። ብቆም ይጠፋብኛል ብላ ነው። ሰፈሩን ዞራ መጣች፣ እጇን አውለብልባ አለፈች። ደግማ መጣች። "የት ነሽ የምትሄጂው?" ይላል ባሏ። "አላውቅም!" ትላለች። በሦስተኛው ዙር ቆመች።

ብረት ገዢው አዘነ። "ታዲያ እኔ ባዶዬን ልመለስ?"

ባል የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቅጭ። እንደገና አዞረ። ቅጭ ቅጭ። ለካ ማታ እዚያው ሲያቆመው የፊት መብራቱን ሳያጠፋ አድሯል።

"እስቲ ኑ ግፉልኝ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

"አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም፣ ልጄ" አሉ አባት፣ ጣፋጭ በሆነ ድምፅ።

ብረት ገዢው ሚዛኑን ይዞ ጠጋ አለ። "ይቺኛዋ ስንት ኪሎ ትሆናለች?"

በመጨረሻ ባል ከኋላ፣ ለደንበኛ ሊደርስ በተጫነው የዩኒፎርም ጥቅል ላይ ተሳፍሮ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደ። ከፊት አባት ተቀመጡ። ፈተናው አልቋል ብለው ትራሱን ግቢ ትተውት ነው የመጡት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍየል መንገድ ገባች።

ጧ!

"የእጅ ፍሬኑ" አሉ አባት ሆዳቸውን ይዘው፣ "ትንሽ ወደ ታች ነው፣ ልጄ።"