ተፈልጎ የታጣው ማኅበር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ያህል ይሆናል? የዊብረን አንድ ባንዲራ ያክላል። ያረጀው በሆላንድ ሰሜናዊ ግዛት በፍሪስላንድ፣ የመንደሩ የበረዶ ሸርታቴ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ነው። የመንደሩ የውሃ ቦይ በብርድ ሲረጋ በረዶውን ሰርስሮ ውፍረቱን ያያል፤ ሰው የሚሸከም ከሆነ በንፋስ ወፍጮው አናት ላይ ባንዲራ ይሰቅላል። ባንዲራው ወጣ ማለት የመንሸራተቻው ሜዳ ተከፈተ ማለት ነው። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

በመከር ስብሰባ ላይ የጥርስ ሐኪም ረዳቷ ሪክስት ተነሣች።

«ድረ ገጽ ይኑረን። የት እንዳለን፣ በረዶው መቼ እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚደወል ይጻፍበት። የሩቅ ሰው ባንዲራችንን አያይም። አዲስ አባል ካልመጣ ደግሞ ማኅበሩ ከእኛው ጋር መቀበሩ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተር ላይ ውሃ ይረጋል እንዴ?» አላት ዊብረን። «ወይስ የሰው አፍ ውስጥ ስታፈጥጪ እየዋልሽ ዓይንሽ ባንዲራ ማየት አቃተው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሪክስት ደም መስላ ተቀመጠች። እሱ ግን ሳቁ ጣፍጦት ነበር።

በዚያው ዓመት ስንት ዘመን የተናፈቀው ውርጭ መጣ። ዊብረን ባንዲራውን ሰቀለ፤ ሴቶቹ በትልልቅ ድስት የአተር ሾርባ ጣዱ። የመጡት የመንደሩ ሽማግሌዎችና ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከማዶ፣ የጎረቤት መንደር በረዶ ላይ ግን ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

ከሰዓት በኋላ መንገድ የጠፋበት አንድ የከተማ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ብቅ አለ።

«እናንተም አላችሁ እንዴ? ስልኬ ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋችሁ። የፈረሳችሁ መስሎኝ!»

አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም። ዊብረን ዞሮ ወደ ድስቱ አየ። ሾርባውን የምታማስለው ሪክስት ነበረች፤ ሰምታለች፣ ቀና ብላ ግን አላየችውም። በሳቀችበት ይሻለው ነበር። በማግስቱ ዝናብ ጣለና በረዶው ሟሟ።

ሰው አለማወቁ ብዙም አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው ባላወቀው ነገር ማሾፉ ነው። ዊብረን ያን ሰሞን ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከቤት መውጣት ከበደው።

ቆይቶ ሪክስት ድረ ገጹን ሠራች። ዊብረንንም «በታማኝነት ያገለገሉን ሊቀመንበር» ብላ ከሚስቅ ፎቶው ጋር አወጣችው። ዊብረን ይህን ሲያይ ቆቡን በእጁ ይዞ ቤቷ ሄደ።

«እሱን አጥፊልኝ። በምትኩ ‹ያ በረዶ ሰው ሳያገኝ የቀለጠው በዊብረን ትዕቢት ነው› ብለሽ ጻፊ።»

«ኧረ ይተዉ፣ እርስዎ ደግሞ! ማን ተቀየመዎት?»

የማኅበሩን ኮሚቴም ለመነ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኙት። ፎቶውንም ከድረ ገጹ ማንም አላጠፋለትም።