ወደ ግሪክ በደባርቅ በኩል

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ማራኪ

ውጭ አገር ሊሄድ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚያቀናው ብላችሁ ካሰባችሁ የኛን ቤት አታውቁትም። አውሮፕላን ማረፊያው በደቡብ፣ በአዘዞ በኩል ነው። እኛ ግን ዛሬ በብርዱ ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረናል፤ ደባርቅ አባቴ አለ። አባቴ ሳይመርቀኝ ባሕር አልሻገርም ብያለሁ።

በረራው ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል። ጥምቀት ገና ማለፉ ነው፤ ከተማው ውስጥ የእንግዳው ግርግር እንኳ በቅጡ አልበረደም። ልጆቹን ለባለቤቴ እህት ትተን፣ አንዲት ቦርሳና አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ይዘን ወጣን። ማኅደሩ የባለቤቴ የዳኛቸው ነው። ዳኜ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል፤ እኔ ሆስፒታል ራጅ አነሳለሁ። ማኅደሩ ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ የጉዞ ዕቅድ አለ፤ በቀን በሰዓት ተከፋፍሏል። እኔ የማነበው አንዱን ገጽ ብቻ ነው። አራተኛው ቀን ላይ «እራት፣ ባሕር ፊት፣ ሁለት ሰው» ይላል።

ይቺ እራት ታሪክ አላት። ከተጋባን አሥራ አራት ዓመታችን ነው፤ ጫጉላ የሚባለውን ነገር አላየነውም። በሠርጋችን ሰሞን የሱ እናት ታመሙ፣ ቀጥሎ ልጅ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ልጅ። የኔ ጫጉላ በነዚህ ዓመታት ሁሉ የሰፈራችን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ በሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር፣ ባሕሩ ፊት ሁለት ባዶ ወንበር። ፀጉሬን ለማድረቅ ካስክ ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር አንዱ ላይ ራሴን፣ አንዱ ላይ ዳኜን አስቀምጣለሁ። ግሪክ ነው አለችኝ የፀጉር ቤቷ ባለቤት። በቃ፣ ግሪክ አልኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከወለቃ ወዲያ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማታውኑ ደውለን ስላረጋገጥን ሚኒባሱ ሞልቷል። እኛ ከሾፌሩ ጎን ነን። ዳኜ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ወለቃን ሳናልፍ ግሪክ እንደምንሄድ ነግሮት አረፈ።

«ግሪክ? ምን አላት?» አለ ሾፌሩ።

«ድንጋይና ባሕር» አለው።

«ድንጋይስ እኛም አላነሰን!» ሳቀ። «ባለፈው ሳምንት ለጥምቀት የመጣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ግንቡን አሳየኝ አለኝ፣ ወሰድኩት። ቆሞ አየና 'በፎቶ ይበልጥ ነበር' አይለኝም?»

«እና ምን አልከው?»

«እንግዲያው ፎቶው ውስጥ ግባ አልኩታ!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ነገሩ ግን ትንሽ ከነከነኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ውጭ አየሁ፤ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጭድ ክምር፣ በአህያ ላይ የተጫነ ጆንያ። ኮሶዬ ስንደርስ መሬቱ ድንገት አልቆ ገደል ሆነ። ስንት ሰው ባሕር አቋርጦ የሚያየው ነገር ነው፤ ከተሳፋሪው ቀና ብሎ ያየ ግን የለም። አንዱ ያንኮራፋል፤ አንዷ ስልክ ላይ በሽንኩርት ዋጋ ትከራከራለች።

ሦስት ሰዓት፤ አምባ ጊዮርጊስ

ለፍተሻ ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፤ ገዝተን ቆመን፣ እጃችንን እያሞቅንበት በላን።

ዳኜ ይሄኔ የሚለውን አገኘ። «የሺዬ፣ የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ሰው ይጋፋል አሉ። ወንበር በወረፋ ነው። ደረጃው ደግሞ ብዙ ነው፤ ጉልበትሽን...»

«አንተ ሰውዬ! ገና ሳልሄድ ልታስመልሰኝ ነው?»

«ኋላ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ከከፋኝ እዚያው ይክፋኝ!»

ፍቅሩ እንዲህ ነው። እኔ ሕልም ስሰፋ እሱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይተረትራል፤ ተርትሮም ያዝንልኛል። ድንቹን አስጨረስኩትና ወደ መኪናው ገፋሁት።

ስድስት ሰዓት፤ ደባርቅ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ አያ ፈንታ ነው የሚለው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለስሜን ተራራ ጎብኚ በቅሎ ሲጭን ኖሯል። አሁን ጎብኚው ሳስቷል፤ ከበቅሎዎቹ የቀረችው ቡሊት ብቻ ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ዛሬ ግን አንዲት ጎረቤቱን አስቸግሮ የበግ ቅቅል አሠርቶ ጠበቀን።

«ምነው ከሳሽ ልጄ?» አለኝ። በየዓመቱ እጨምራለሁ፤ በየዓመቱ ከሳሽ ይለኛል።

ቅቅሉ ሸጋ ነበር። ገና ሁለተኛውን ቅልጥም ሳንይዝ አባቴ «መንገዱ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ዳኜ እጁን ጠርጎ ማኅደሩን ከፈተ። «ሚያዝያ አንድ ቀን፣ አባባ። ፋሲካን ከልጆቹ ጋር ውለን፣ እርስዎንም ጠይቀን፣ ከዚያ ነው የምንነሳው።»

አባቴ አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «የቱን ፋሲካ?»

«የዘንድሮውን ነዋ።»

«ዘንድሮ ሁዳዴ የሚገባው የካቲት ሲያልቅ ነው። ሚያዝያ አንድ ማለት የደብረ ዘይት ሰሞን ነው፤ ጾሙ ገና እኩሌታውን ማለፉ። ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ አራት ነው የሚውለው።»

ዳኜ ስልኩን አወጣ፣ አየ፣ ደግሞ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ገባኝ።

«የፈረንጆቹን ፋሲካ ነው ያየኸው!» አልኩት።

«ስልኩ ላይ... ትንሣኤ ነው የሚለው...»

የሒሳብ መምህር! እኔስ ብትሉ? የሰበካችን ቀን መቁጠሪያ ወጥ ቤታችን በር ላይ ከመስከረም ጀምሮ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንድ ቀን ገልጬ አላየሁትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ቲኬቱ ደግሞ አይቀየርም፣ አይመለስም።

«ለመንገደኛ እኮ ጾም...» ብሎ ዳኜ ጀመረ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «ለሽርሽር የሄደም መንገደኛ ነው?»

ከዚያ በኋላ እኔን የያዘኝ አልነበረም። «አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ፣ ባሕር ፊት ተቀምጬ ዳቦ በቲማቲም ልበላ? ላም አለኝ በሰማይ! ይቅርብኝ፣ አልሄድም!» እንባዬም መጣ። ለእራት እንዳለቀስኩ አትቁጠሩት። ይቺ ጉዞ ካመለጠችን ሌላ እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ ልጆቹ እያደጉ፣ ኑሮው እየከበደ ነው።

«እንዲህ ከሆነስ ምርቃቱ ይቆይ» አለ አባቴ በእርጋታ። «ሁለት ልብ ይዞ የሚሄድ አይመረቅም። ጭነት ወዳንድ ወገን ካዘነበለ በቅሎዋን ይጥላታል። ነገ ከቅዳሴ ስመለስ አንድ ልብ ሆናችሁ ካገኘኋችሁ እመርቃለሁ። ካልሆነ በሰላም ወደ ቤታችሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት፤ ሊማሊሞ አፋፍ

አባቴ ቡሊትን ሊያጠጣ ሲወጣ «ነይ እግርሽን አፍታቺ» ብሎ ወሰደኝ። ዳኜ ቤት ቀረ። ከአፋፉ ላይ ተቀመጥን፤ ከታች ተራራው ከተራራ ተደራርቧል። ንፋሱ ነጠላዬን ይጎትታል። በቅሎዋ ድርቆሿን ትቆረጥማለች።

«ግሪክ ነው ያላችሁኝ?» አለኝ አባቴ።

«አዎ።»

«አንድ ግሪክ መርቼ ነበር። አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ። ሽማግሌ ነው። ሁዳዴ ነበር። ወጥ ሠሪው በጠዋት ስድስት እንቁላል ጠበሰለት፤ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። ታመመ ብለን ደነገጥን። አስጎብኚውን ጠራሁት። ለካ ይጾማል!»

«ፈረንጅ? ሁዳዴ?»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ሲያማትብ አየሁት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ግራ ገባኝ፤ ግን ያማትባል። ከዚያ እኔ ቆሎዬን አወጣሁ፣ እሱ ከሻንጣው ጥቁር ፍሬ በጠርሙስ አወጣ። ጨው ነው! እኔ መድኃኒት መስሎኝ ተፋሁት። ኋላ ግን ለመድኩት። ወይራ ነው አለኝ አስጎብኚው። እኛ ወይራን ለጭስ እንጂ ለሆድ የት እናውቀዋለን! ሦስት ቀን አብረን በላን። ቋንቋውን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አያውቅ። ስንለያይ ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው።»

«ተራራውን ወደደው?»

አባቴ አሰበ። «ደመና ነበር። ብዙም አላየውም። ፎቶ ይዞ ነበር የመጣው፤ ብዙዎቹ ይዘው ነው የሚመጡት። ፎቶውን ያላገኘ ተቆጥቶ ይሄዳል። እሱ ግን ሲሄድ አለቀሰ።»

ስለ ፀጉር ቤቱ ሥዕል አሰብኩ። አሥራ አራት ዓመት ያየሁት ነገር ውስጥ ሰው የለም። ነጫጮቹ ቤቶች ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ ጠይቄ አላውቅም። ሁለቱን ወንበሮች ብቻ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ ነው ድንገት የመጣልኝ፤ ሰማያዊው ጉልላት እኮ ጫፉ ላይ መስቀል አለው። ቤተ ክርስቲያን ነው!

«አባዬ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ምነው ቀድመህ አልነገርከኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ?» አለና ተነሳ። እውነቱን ነው።

ቤት ስንደርስ ዳኜ ጃኬቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ወረቀቶቹ ጭኑ ላይ ናቸው። አራተኛውን ቀን በእስክሪብቶ ሰርዞታል፤ ደግሞ እንደ ፈተና ወረቀት በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጎ። አንጀቴን በላኝ።

«ምነው ሰረዝከው?»

«አልሄድም አልሽ። ጥፋቱም የኔ ነው፣ የሺዬ።»

«የሁለታችንም ነው። ይልቅ ግሪኮች መቼ ነው ፋሲካቸው? እስኪ ያንን ስልክህን አሁን ለቁም ነገር አውለው።»

ፈለገ። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ በር ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አደረገ። ከዚያ ጮኸ፤ ቡሊት እንኳ ደነገጠች። «ሚያዝያ ሃያ አራት! የነሱም ሚያዝያ ሃያ አራት ነው! የሺ፣ አገሩ በሙሉ ይጾማል!» ዓይኑ ሲያበራ ሳይ፣ ያኔ የወደድኩት ልጅ መሰለኝ።

«እንግዲያው እንሂድ» አልኩት።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ አባቴ ደጅ

አባቴ ከቅዳሴ ተመለሰ። ነጠላውን ሳያወርድ ሁለታችንንም በየተራ ዓይን ዓይናችንን አየን። የጠየቀን ነገር የለም፤ ለበቅሎ ጭነት የኖረ ሰው ሚዛን ያውቃል። ተንበረከክን።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ክፉ አይንካችሁ። ደግ ሰው ያገናኛችሁ። በሄዳችሁበት አገር ሰው ይስጣችሁ። በሰላም መልሶ ያገናኘን።»

«አሜን፣ አሜን።»

ስለ ባሕሩ፣ ስለ ነጩ ቤት አንድም ቃል የለም። ሰው ብቻ ነው የለመነልን። ስንነሳ ዳኜ ጉልበቱን ሲያራግፍ አባቴ ጠጋ ብሎኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንደ ሕፃን አፍሯል።

«ከቻላችሁ... ያቺን ጥቁር ፍሬ ጥቂት ይዛችሁልኝ ኑ።»

በሕይወቴ አባቴ የለመነኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ዳኜ አዲስ ወረቀት አወጣ። መኪናው ሲያንገጫግጨን ጽሕፈቱ ተበላሸ። አራተኛው ቀን አሁን እንዲህ ይላል፤ «እራት፣ ባሕር ፊት፣ ሁለት ሰው፣ የጾም። ወንበር ከሌለ ደረጃ ላይ። ለአባባ ወይራ።» አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ድንቹን እሱ ገዛ።

ሰኞ፣ ከሥራ በኋላ፤ ማራኪ

ፀጉር ቤት ሄድኩ። ካስኩ ውስጥ ተቀምጬ ሥዕሉን አየሁት። ሁለቱ ወንበሮች አሁንም ባዶ ናቸው። ቀና ብዬ ጉልላቱን ፈለግኩ፤ እውነትም ትንሿ መስቀል አለች።

«ምን እያየሽ ነው?» አለች የፀጉር ቤቷ ባለቤት።

«ቤተ ክርስቲያን» አልኳት። ከካስኩ ሥር እጄን አውጥቼ አማተብኩና ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳልሳለመው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ኖሬያለሁ።