ከጀልባው ሥር የሚገባው ማን ነው?

ዊልማ ፕሩዊት በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ ጀልባን ከውሃ በላይ ሰቅሎ የሚያቆይ የጀልባ ማንሻ መትከል ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ጀልባ በሚመላለስበት ቦይ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ቁጣዋን ያውቃል። ደንበኛ ገና «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት እኮ…» ብሎ ሲጀምር ደሟ ይፈላል። ባሏን ኤልዊንን ዕድሜ ልኩን አንካሳ ያደረገውም ጀልባ ወረቀት ላይ ቀላል ነበር።

የሰኔው ዝናብ ሊጀምር ሲል ጡረተኛው ክሊፎርድ አስጠራት። አዲሱን ባለሞተር ጀልባውን ከቤቱ ጋር አብሮ በገዛው አሮጌ ማንሻ ላይ ሰቅሎታል፤ የብረት ገመዱ ተተልትሏል። ሚስቱ ሎሬታ ደግሞ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ከተሰቀለው ጀልባ ሥር ሆና ሆዱን በብሩሽ ትፈትጋለች።

«ሎሬታ፣ ውጪ! አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች ዊልማ።

ሎሬታ ደንግጣ፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት ወጣች።

«ምን ያስጮህሻል?» አለ ክሊፎርድ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጥበው እሷ ናት። እኔ የምፈልገው ልክ እንደዚህኛው ሰባት ሺህ ፓውንድ የሚያነሳ ማንሻ ነው። ይኸው ወረቀቱ፤ ጀልባው አምስት ሺህ ስምንት መቶ ነው።»

«ባዶውን ነዋ! ሞተሮቹን በኪስህ ይዘህ ልትዞር ነው? ሁለቱ ብቻ አንድ ሺህ አንድ መቶ ናቸው። ነዳጁ ዘጠኝ መቶ። ባትሪው፣ መልህቁ፣ ያ የቢራ ሳጥንህ ከነበረዶው ሌላ ስድስት መቶ። ስምንት ሺህ አራት መቶ ሆነልህ! የጀልባውን የታችኛውን የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ ሳትነቅል ዝናብ የመጣ ቀንማ ኩሬ ነው የምትሰቅለው። አስር ሺህ የሚያነሳ ነው የሚያስፈልግህ።»

«ተይ እንጂ ዊልማ! ትልቁን ልትሸጭልኝ ነው። አሮጌው ይሄው ሁለት ወር ተሸክሞት የለ?»

ዊልማ ከእሱ ዞራ ሎሬታን አየች። ጀልባ ቢሰበር ጀልባ ይገዛል። ይህ ሰው ግን ሁለት ወር ሙሉ ሚስቱን ከዚያ ገመድ ሥር ሲያስገባ ከርሟል።

«ሎሬታ፣» አለቻት፣ «ኤልዊን ሲያነክስ አይተሽው የለ? እሱም እንዳንቺ ሥሩ ቆሞ ሲያጥብ ነው የወደቀበት።»

ሎሬታ ቀና ብላ ገመዱን አየች። ከዚያ ብሩሹን ለባሏ ዘረጋችለት።

«የቀረውን አንተ እጠበው።»

«እ?»

«ግባ እንጂ። ተሸክሞት የለ?»

ክሊፎርድ ብሩሹን ተቀብሎ ጫማውን አወለቀ። መሰላሉን አንድ እርከን ወርዶ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን ጀልባ አየ፤ ገመዱን አየ። ተመልሶ ወጣ።

«አስር ሺው ይሁን፣» አለ።

ዊልማ ትዕዛዙን ጻፈች፤ ግን ስትመጣ ከነበራት የባሰ ተናደደች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ያን ሁሉ ቁጥር ደምራለት ያልገባው ሰው፣ የገዛ ጭንቅላቱ ከጀልባው ሥር ሲሆን አንድ እርከን በቃው።

ሎሬታም ባሏ እሷን ከሚያስገባበት ሥር ራሱ ለመግባት መፍራቱን አይታለች። ክሊፎርድ ብሩሹን መልሶ ሲዘረጋላት እጇን ወደ ኋላ አደረገች።